የማይታየው ሌባና የአያቴ አመድ

ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ጀብዱ በአሥር ደቂቃ አለቀ።

ቅዳሜ ማታ ነው። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ እኛ ቤት ሳሎን። ጠረጴዛው ላይ ቆሎ፣ ሻይ በፔርሙስ፣ የተቀረጹ እርሳሶችና ባለ ሀያ ጎን ዳይስ አለ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን፤ ባጭሩ ዲኤንዲ። ለማታውቁት፣ አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፤ ዲኤም ይባላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ካራክተር ይዘው "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ። ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። ተረት ተረት ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ "የላም በረት" ባዩ በየመሀሉ እየገባ ታሪኩን ይቀይርብሃል።

እኔ ነኝ ዲኤሙ። ለዚያ ማታ አንዲት ከተማ ሠርቼ ነበር። ስሟ አምስት በር። ሐረር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ከጀጎል ግንብ፣ ከአምስቱ የጥንት በሮችና ከጠባቦቹ መንገዶች የቻልኩትን ያህል ሰርቄ ነው የገነባኋት። ከተማዋ ውስጥ አንድ የቡና ነጋዴ አለ። መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ ወንጀሉን የሚያጋልጥ የሂሳብ መዝገብ። ዘበኞቹን በስም አውቃቸዋለሁ። የቁልፎቹን ቦታ በካርታ ሥያለሁ። አንደኛው ዘበኛ ጥርሱን ያመዋል፤ ይህን ያወቀ ተጫዋች ቅርንፉድ ሰጥቶ ሊያወራው ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ሳስብ ነው ሦስት ሳምንት ያለፈው።

ሌባ የሚጫወተው ጓደኛችን በእውነተኛው ሕይወቱ ጠበቃ ነው። የካራክተሩ ዕቃዎች የተጻፉበትን ወረቀት አየና "ይቺ የመሰወሪያ ጠርሙስ አለችኝ አይደል?" አለ። አለችው። ከሁለት ሳምንት በፊት ልደቱ ስለነበር የሰጠሁት እኔው ነኝ።

ጠጣ። በሁለቱ ዘበኞች መሀል አለፈ። ጥርሱን የሚያመው ዘበኛ ስሙ እንኳ ሳይጠራ ቀረ። ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አነሳ። መዝገቡን ወሰደ። ይኼ እንኳ ባልከፋ። ሲወጣ ዓይኑ ቡናው ላይ አረፈ።

"ጆንያው ስንት ኪሎ ነው?"

"ስልሳ።"

"ተሸከምኩት።"

"ጆንያው ይታያላ!"

"አይታይም። ሕጉን አንብበው።"

አነበብኩት። የለበሰውና የያዘው ነገር በላዩ እስካለ ድረስ አብሮት ይሰወራል ይላል። ጠበቃ አይደል? "ጆንያው ትከሻዬ ላይ ነው። በላዬ ነው አይደለም?" አለኝ። ነው። አራት ጊዜ ተመላለሰ። አምስተኛው ላይ አህያ ጭኖ ልጓሟን ስለያዘ አህያዋም እንደማትታይ ሊያስረዳኝ ሞከረ። "አህያዋን ተሸክመሃታል?" ስለው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅሁ። ውስጤ ግን እርር ብሏል።

ማታ ብርጭቆ እያጠብኩ ሳስበው ጥፋቱ የሱ አይደለም። የጨዋታው የሕግ መጽሐፍ ያንን ጠርሙስ ብርቅ ከሚላቸው ዕቃዎች ጋር ነው የመደበው። እኔ እንደ ልደት ካርድ ሰጠሁት። ግን ዋናው ስህተት እሱም አይደለም። ሰውዬው እንዳይታይ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ከተሰወረ በኋላ ምን ይቀራል ብዬ አልጠየቅሁም።

ይህን ጥያቄ ደግሞ አያቴ ድሮ ጠይቃው ነበር።

እፀ መሰውርን የማያውቅ የለም። የበላው ወይም የያዘው ሰው ከዓይን የሚሰወርበት ቅጠል ነው ይባላል። ብድር የወሰደ ጓደኛ ሲጠፋ "እፀ መሰውር ቀመሰ እንዴ?" ብለን እንስቃለን። አያቴ ግን አትስቅም ነበር። የጎጃም ሰው ናት፤ ስትተርክ ሰዎቹን የምታውቃቸው ነው የምትመስለው። አንድ ሰው ቅጠሉን አገኘ አለችኝ። ምላሱ ሥር አድርጎ ሰርግ ገባ። ዳሱ ውስጥ እንዳሻው በላ፣ ጠጣ። አሳላፊዋ ወጥ አልበረክት ሲላት ጊዜ ግራ ተጋባች። ከዚያ አየች፤ ውሻው ማንም ያልተቀመጠበትን መደብ እያየ ያጉረመርማል። ምንም አልተናገረችም። ማታ ሁሉ ሲተኛ ምድጃዋን ጠራርጋ አመዱን በሩ ላይ ነሰነሰችው። በነጋታው ሰው ተሰብስቦ ሲያይ የእግር ኮቴ አለ፤ የቀኙ እግር ትንሿ ጣት የላትም። ያቺን እግር ደግሞ አገር ያውቃታል።

"ቅጠሉ ዓይንን ነው የሚያታልለው ልጄ፤ አመድን ምን ያደርገዋል?" ትለኝ ነበር።

ካደግሁ በኋላ አመዱን ሌላ ቦታ አገኘሁት። ዳንኤልና የቤል ካህናት ታሪክ ላይ። የባቢሎን ንጉሥ ጣዖቱ ቤል በየቀኑ የሚቀርብለትን ምግብ ይበላል ብሎ ያምናል። ዳንኤል መቅደሱ ወለል ላይ አመድ ያስነሰንሳል፤ በሩ ይታተማል። ጠዋት አመዱ ላይ የወንድ፣ የሴትና የልጅ ኮቴ ሞልቷል። ካህናቱ ከነቤተሰባቸው በስውር በር እየገቡ ነበር የሚበሉት። አያቴ ቤተ ክርስቲያን ሰምታው መሆን አለበት። ባቢሎንን ጎጃም አምጥታ ዳስ ጣለችባት።

አሁን ወደ ሥራው። ያንን ጠርሙስ የሚተካ አዲስ የመሰወሪያ ድግምት ልሠራ ስቀመጥ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ግሦችን መጻፍ ነው። ተደበቀ። ተከለለ። ተመሳሰለ። ተሰወረ። ጠፋ። እንግሊዝኛውን መጽሐፍ ሳነብ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቃል ሥር ይገቡብኝ ነበር። በአማርኛ ሳስባቸው ግን አምስት የተለያዩ አስማቶች ናቸው። የተደበቀ ሰው መደበቂያ ያስፈልገዋል፤ ግንቡ ከፈረሰ አበቃለት። የተመሳሰለ ሰው መንቀሳቀስ አይችልም። የጠፋ ሰው እዚህ የለም፤ ብትመታው አትነካውም፣ እሱም ምንም አይሰርቅም። ተሰወረ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ቅዱስ ያሬድ ሞተ አይባልም፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ተሰወረ ነው የሚባለው። እሱን ለጨዋታ አልነካውም። አንደኛ ጠረጴዛችን ላይ የዲያቆን ልጅ አለ፤ ሁለተኛ እኔም አያቴን እፈራለሁ፣ ብትሞትም። ግን ቃሉ አንድ ነገር አስተማረኝ። ተሰወረ ስትል "ከማን?" የሚል ጥያቄ ይከተላል። ከዓለም? ከሰው ዓይን? ከአንድ ሰው ዓይን?

"ከማን" የሚለው ጥያቄ ለሳይንቲስቶችም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2006 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ ትንሽ የመዳብ ሲሊንደር "ሰወሩ" ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር። የሰወሩት ከማይክሮዌቭ ሞገድ ነው፤ እሱንም በከፊል። ክፍሉ ውስጥ ለቆመ ሰው ግን ዕቃው እዚያው ቁጭ ብሎ ይታያል።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አስማቱን በሚሰወረው ሰው ገላ ላይ መጣል ነው። ብርሃን ገላውን እንደ መስታወት ያልፈዋል። ይህን ለቡድኑ ሳነሳ ፋርማሲስቷ ጓደኛችን ወዲያው "ታዲያ እሱስ በምን ያያል?" አለች። ልክ ናት። የምናየው ዓይናችን ጀርባ ያለው ሬቲና ብርሃኑን ስለሚያስቀረው ነው። ብርሃን ሙሉ በሙሉ የሚያልፈው ዓይን ዕውር ነው። ስለዚህ ወይ የማይታየው ሌባ ዕውር ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች አየር ላይ እየተንሳፈፉ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ለአስፈሪ ታሪክ ግሩም ነው። ለሌባ ግን አይሆንም።

ሌላው መንገድ አስማቱን በተመልካቹ ላይ መጣል ነው። አማርኛችን ይህን ያውቀዋል፤ "ዓይኑን ጋረደው"፣ "ዓይኑን ያዘው" እንላለን። ወደ ኤማሁስ የሚሄዱት ደቀ መዛሙርትም እንዳያውቁት ዓይናቸው ተይዞ ነበር ነው የሚለው ወንጌሉ። ዲኤንዲም ቢሆን መሰወርን የመደበው ከምትሃት ጋር ነው። ይህን መንገድ ወደድኩት። ለምን? የሰው ዓይን ላይ የተጣለ ግርዶሽ ከሆነ ውሻን አይመለከትም። አህያን አይመለከትም። አመድን፣ ጭቃን፣ የላብ ሽታን፣ የሚንቋቋ ጣውላን አይመለከትም። የቀረው ሁሉ ይቀራል። ለዲኤም ደግሞ የቀረ ነገር እንጀራ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ድግምት እንደ ነገሩ ልግለጸው፣ ምክንያቱም መጥፎ አይደለም። በአምስተኛው እትም ሁለተኛ ደረጃ ድግምት ነው። አስማተኛው ሰውየውን ይነካዋል፤ ልቡን ከሰበሰበ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። የተሰወረው ሰው ጥቃት ከሰነዘረ ወይም ሌላ ድግምት ከደገመ ወዲያው ይገለጣል። ይቺ "ከመታህ ትታያለህ" የምትል ሐሳብ ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ጀምሮ ያለች ናት። ደስ የሚለኝ ግን የሚያስፈልገው ዕቃ ነው። አንዲት የዓይን ሽፋሽፍት በሙጫ ውስጥ ተጠቅልላ። ሙጫው ደግሞ የግራር ሙጫ ነው፤ የእኛው ቆላ ከቦረና እስከ ሶማሌ የሚያወጣው። ይህን ሳነብ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ልጅ ሆነን ከግራር ላይ እየፈነቀልን እንደ ማስቲካ ያኘክነው ነገር፣ ባሕር ማዶ የተጻፈ የአስማት መጽሐፍ ውስጥ ሲገኝ!

እኔ ግን ጠርሙሱንም ሙጫውንም ተውኳቸው። የአያቴን ቅጠል አመጣሁ።

ቅጠሉ ምላስ ሥር ይቀመጣል። እዚያ እስካለ ድረስ ሰውየው መናገር አይችልም፤ አፉን ከከፈተ ይወድቅበታል። የሚሰወረው ቅጠሉን ሲጎርስ ገላው ላይ የነበረው ብቻ ነው፤ በኋላ ያነሳው ጆንያ አየር ላይ ሲሄድ ይታያል። (ይቺን አንቀጽ ለጠበቃው ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። "የአህያዋ ጉዳይስ?" አለ። ዝም አልኩት።) ግርዶሽ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ሌላው አንተን ካላየህ አንተም ሌላውን አጥርተህ አታይም። ነጠላ ፊትህ ላይ ጥለህ ጧፍ እንደማየት ነው። ሰው መሆኑን ትለያለህ፤ ማን መሆኑን አትለይም። በር ታያለህ፣ ፊደል አታነብም።

የነጠላዋን ሐሳብ ያመጣችው ፋርማሲስቷ ናት። መጀመሪያ ቀላል መስላኝ ነበር። ከጻፍኳቸው ሁሉ ትልቁን ሥራ የሠራችው ግን እሷ ናት፣ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ስለ ዋጋ ስናወራ አንዱ የጋይጅስን ቀለበት አነሳ። ፕላቶ ሬፐብሊክ ላይ የተረከው ነው። የልድያ እረኛ ቀለበት ያገኛል፤ ፈርጡን ወደ መዳፉ ሲያዞረው ይሰወራል። ቤተ መንግሥት ይገባል፣ ንግሥቲቱን ያባብላል፣ ንጉሡን ይገድላል፣ ይነግሣል። ጥያቄው የማይታይ ሰው ለምን ጻድቅ ይሆናል ነው። ስለዚህ የሚሰወር ሰው ቀስ በቀስ ነፍሱ ይጥቆር የሚል ሕግ እንጨምር ተባለ። እኔ አልወደድኩትም። ተጫዋቾች ቅዳሜ ማታ ስብከት ሊሰሙ አይደለም የሚመጡት። አራት ጆንያ ቡና የሰረቀ ጠበቃ ነፍሱ መጥቆሩን በዳይስ ማረጋገጥ አያስፈልግም።

ይልቅ ሌላ ነገር ገረመኝ። በዚያው ሳምንት ፋርማሲስቷ "እኔ ያለ ቅጠል እገባለሁ" አለች። እንዴት? የእንጨት ሸክም ገዛች። ጀርባዋ ላይ አዘለችው፣ ጎንበስ አለች፣ በበሩ አለፈች። ዘበኞቹ ቀና ብለው አላዩአትም። ዳይስ እንድትጥል ልጠይቃት አሰብኩና እፍረት ያዘኝ። ከእንጦጦ ቁልቁል እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን በመኪና ስንት ጊዜ አልፌያለሁ? የአንዷንም ፊት አላስታውስም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። ሰዎች የኳስ ቅብብል እንዲቆጥሩ ተነገራቸው፤ በመሀላቸው ጎሪላ የለበሰ ሰው ደረቱን እየደቃ አለፈ። ግማሽ ያህሉ አላዩትም። አስማት አልነበረም። እነሱ ቆጠራ ላይ ነበሩ።

ዳይስ አላስጣልኳትም። ገባች።

አሁን ሁለተኛው ማታ። ያው ከተማ፣ ሌላ መጋዘን። ነጋዴው ከተዘረፈ በኋላ ብልጥ ሆኗል፤ አሁን መዝገቦቹ ሦስት ናቸው፣ አንዱ ብቻ እውነተኛ። ፋርማሲስቷ ውስጥ ሆና እንጨት እያራገፈች ዘበኞቹን ታዘናጋለች። ሌባው ቅጠሉን ምላሱ ሥር አድርጎ በመስኮት ይገባል።

"መደርደሪያው ላይ ሦስት መዝገብ አለ" አልኩት።

"ነጋዴው በእጁ የጻፈውን እወስዳለሁ።"

"አታነብም። ነጠላ።"

ዝም አለ። ሁሉም ዝም አለ። ቆሎ የሚቆረጥም እንኳ የለም። ሦስቱንም ቢይዝ ሦስት መዝገብ አየር ላይ ሲሄድ ይታያል። ቅጠሉን ቢተፋ ማንበብ ይችላል፤ ግን ይታያል፣ ቅጠሉም አንድ ብቻ ነው። ጠበቃው እጁን አገጩ ላይ አድርጎ አሰበ። እንዲህ ሲያስብ ፍርድ ቤት ብቻ ነበር የማውቀው። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገ። መዝገቦቹን አንድ በአንድ አሸተተ። ሁለቱ አዲስ ቀለም ይሸታሉ። ሦስተኛው ቡናና የእጅ ላብ ይሸታል። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ግን እንዴት እምቢ ይባላል? የሚቀረውን ነገር እሱም መፈለግ ጀምሯል ማለት ነው።

ያንን መዝገብ ካባው ሥር አደረገ። አሁንም በካባው ጥግ ትንሽ ይታያል፤ ጨለማ ስለሆነ አለፍኩት። በበሩ መውጣት አይችልም፤ ነጋዴው ደፉ ላይ አመድ አስነስንሷል። (አያቴ፣ እጅ ነስቻለሁ።) ሌላ መውጫ ፈለገ። እኔም ካርታውን ገለበጥኩና አሳየሁት።

ሐረር የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጀጎል ግንብ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጅቦች ማታ ማታ ገብተው የከተማዋን ትርፍራፊ እንዲያጸዱ የተተዉ። አምስት በርም አላት።

"ሰው ያሳልፋል?" አለኝ።

"በደረቱ ከተሳበ።"

"እሳባለሁ።"

"ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ይተነፍሳል።"

ጅቡ ነው። ቀዳዳው ለሁለት አይበቃም። ወደ ኋላ መመለስ ካለ መዞሪያ የለም። ሌባው የለም፣ አይታይም፣ ተሰውሯል። ጅቡ ግን አፍንጫውን ዘርግቶ በቀጥታ ወደ ፊቱ እየመጣ ነው።

"ምን ይታየኛል?"

"ሁለት ዓይን፣ በነጠላ ውስጥ።"

ቢላ ሊመዝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ወረቀቱን ማየት ጀመረ። ከላይ እስከ ታች፣ በጣቱ እየተከተለ። ገመድ፣ ክብሪት፣ ስንቅ። ስንቁ ላይ ቆመ።

"ስንቄ ምንድነው? ቋንጣ ነው አይደል?"

"ቋንጣ ነው።"

ሐረር ጅብ የሚያበሉትን ሰዎች አይቷቸው ያውቃል፤ አብረን ነው የሄድነው። ሥጋውን እንጨት ላይ አድርገው፣ እንጨቱን በጥርሳቸው ይዘው፣ ጅቡ ከፊታቸው ላይ ሲወስድ አብረን ቆመን ዓይተናል። እሱ ያኔ ወደ ኋላ ሸሽቶ ከኔ ጀርባ ነበር የቆመው።

"ቅጠሉን ተፋሁት" አለ።

"ትታያለህ።"

"ይየኝ። ቋንጣውን በጥርሴ ያዝኩ።"

ዳይሱን ሰጠሁት። በሁለት እጁ አሽቶ ጣለው፤ ቆሎው ሳህን ሥር ገባ። ሁላችንም ጎንበስ አልን። አሥራ ሰባት።

ጅቡ ቋንጣውን ከአፉ ላይ ቀስ ብሎ ወሰደ፣ ዞር አለ፣ ወጣ። እኔ እርሳሴን አንስቼ ከወረቀቱ ላይ ቋንጣውንም ቅጠሉንም ሰረዝኩ።